ስድስቱም በርተዋል

እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቁጭ ብለሽ፣ እግርሽንም አንዱ ወንበር ላይ ሰቅለሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። ቆመሽ ስታነቢ ቶሎ ትናደጃለሽ። ለመሆኑ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ባለቤትሽስ ያ ሳል ለቀቀው? መንትዮቹ እንዴት ናቸው? አንዷ የፊት ጥርሷን ነቅላ ሌላዋ ላለመበለጥ የራሷን ስትነቀንቅ እንደምትውል ሰማሁ። ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው።

ስልክ ብደውል አታነሺም። ባለፈው ከመንትዮቹ አንዷ አንስታ «እማዬ የለሁም በይ ብላኛለች» አለችኝ። አትቆጫት፤ የነገርሻትን ነው ያደረሰችው። እኔም አልፈረድኩብሽም። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

በለቅሶው ቤት፣ ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት፣ «አባቴን ያሳወረቻቸው እሷ ናት፤ ከሥራቸው ነቅላ ብታስቀምጣቸው አልቅሰው አልቅሰው ዓይናቸው ጠፋ» ስትዪ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። አጎታችን «ተዪ እንጂ፣ ቀን አለው» ሲልሽ፣ አንቺ ደግሞ ድምፅሽን ጨመርሽ። ያልመለስኩልሽ መልስ አጥቼ አልነበረም፤ ለአባባ የገባሁት ቃል ነበር። አራት ወር ሙሉ ያንን ቃል ተሸክሜ ዞርኩ። ዛሬ ላፈርሰው ነው። እባክሽ ሳትጨርሺ አትቅደጂው።

በመጀመሪያ፣ አባባን ከሥራ ያስወጣቸውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራው ዘመዳችን ያየችው ፊርማ የእኔ ነው፤ አልዋሸችሽም። ግን ያየችው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ እንዴት እንደተጻፈ አላየችም።

አንቺ ቀድመሽ አግብተሽ ስለሄድሽ የአባባን የኋለኛውን ሥራ በወሬ ነው የምታውቂው። የጡብ ፋብሪካው እቶን ሲጠፋ ሰው ሁሉ ተበተነ፤ አባባና ጭስ ማውጫው ብቻ ቀሩ። ጭስ ማውጫው ሰማንያ ሜትር ነው። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው ሲወርዱ በአቅራቢያው ስለሚያልፉ፣ ፋብሪካው ቢዘጋም መብራቶቹ መጥፋት የለባቸውም። ስድስት ቀይ መብራት አለው፤ ሦስቱ አናቱ ላይ፣ ሦስቱ ወገቡ ላይ ዙሪያውን። አባባ ሲመሽ ከዘበኛው ክፍል ይወጣሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጭስ ማውጫውን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ይቆጥራሉ፤ ገብተው መዝገቡ ላይ ቀኑን ይጽፉና ከጎኑ «ስድስቱም በርተዋል» ይላሉ። አንዷ ከጠፋች የምሰሶ መብራት ወደምንጠግነው ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ይደውላሉ፤ እኛ ለአየር ማረፊያው እናሳውቅና ወጥተን እንቀይራለን። «ሌላ ዘበኛ ንብረት ይጠብቃል፤ እኔ ሰማይ ነው የምጠብቀው። እስካሁን አንዲት ደመና አልተሰረቀችብኝም» ይሉ ነበር። ይቺን ቀልድ ለአንቺም ሳይነግሩሽ አልቀሩም።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ አንድ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤታችን ደውለው አናት ላይ ያለችው አንዷ ጠፍታለች አሉ። ከባልደረባዬ ጋር ሄድን። ቁመቱ ስለረዘመ መሰላል እያልን የምንጠራው፣ እኔ ስወጣ ከታች ገመዴን የሚይዝልኝ ሰው ነው። ሁለት መቶ ስልሳ አራቱን ደረጃ ወጥቼ፣ ሲጨልም መብራቶቹን የምታበራዋን መሣሪያ በጨርቅ ሸፍኜ ሞከርኩ። ሁሉም በሩ። ወርጄ ለአባባ ነገርኳቸው። «እንግዲያው የላላ ሽቦ ነበር ማለት ነው፤ ስትወጪ ነቅንቀሽው ተገናኘ» አሉኝ። አመንኩ። በዚያው ወር ግን ሁለተኛ ደወሉ፤ ወጣሁ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። መሰላል እየሳቀ «አባትሽ ናፍቀሻቸው ነው። ሌላው አባት ምሳ ይጋብዛል፤ ያንቺ ጭስ ማውጫ ላይ ያወጡሻል» አለኝ።

ሦስተኛ ሲደውሉ «ቀን አትምጡ፤ የሚጠፉት ሲመሽ ነው» አሉ። እሺ ብለን አመሻሽ ላይ ሄድን። አናቱ ላይ ደርሼ ቀበቶዬን ብረቱ ላይ እንዳሰርኩ መብራቶቹ በራሳቸው ጊዜ በሩ። ከአጠገቤ ያለችው ጓንቴን ሁሉ ቀይ አደረገችው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላቸው። አሁን ይታይዎታል ወይ አልኳቸው። «የትኛዋ?» አሉኝ። እኔ ያለሁባት፣ የእጅ ባትሪዬን እያወዛወዝኩልዎት ነው አልኳቸው። «አየሁሽ፣ አየሁሽ» አሉና እሳቸውም እጃቸውን አንስተው አወዛወዙልኝ።

ከላይ ሆኜ አየኋቸው፣ እትዬ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ፊታቸው ወደ አሮጌው የውሃ ታንከር ነው። ማንም ወደሌለበት ሰማይ ቀና ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ከአፋቸው ደግሞ በስልኩ ውስጥ «አየሁሽ» የሚለው ይሰማኛል።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። መሰላልን መኪናው ውስጥ ጠብቀኝ አልኩትና ክፍላቸው ገባሁ። ሻይ ሊቀዱልኝ ብድግ አሉ። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ፣ ከጠረጴዛውም ወደ ጫማቸው ሲወርድ ዝም ብለው ይቀዳሉ። እጃቸውን ያዝኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ አልኳቸው። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያው ነው አፉ የተበላሸው ሊሉኝ ነበር። ከዚያ ተቀመጡ። «በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው» አሉኝ። «ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ዳር ዳሩ ግን የለም። ቧንቧው ደግሞ በየወሩ ይጠባል። ሲመሽ መብራቷን ስፈልጋት ሰማዩ ሰፋብኝ፤ አንዳንድ ቀን አገኛታለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላገኛትም። ያላገኘኋትን ጠፍታለች እያልኩ ነው የደወልኩት። በርታለች ብዬ ከምዋሽ አንቺን ባደክም ይሻላል ብዬ ነው።»

አየሽ፣ ያን ጊዜ አልዋሹም ነበር። መዋሸትን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ዓይናቸው ላይ መነጽር እናድርግ ብዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። ሳያምም፣ ሳያሳክክ፣ ከዳር እየበላ የሚመጣ ነው። የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው አለ፤ የቀረው ደግሞ ትንሽ ነበር። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ክንዴን ያዙኝ። «እህትሽ እንዳትሰማ። ከሰማች በማግስቱ መጥታ ትወስደኛለች። ቤቷን ጠልቼ አይደለም። እዚያ ከሄድኩ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ምግብ የሚቀርብልኝ፣ ጨዋታ ሲደምቅ ሰዎች ድንገት ትዝ ብያቸው ‹እርስዎስ አባባ?› የሚሉኝ ሰው ነው የምሆነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ያኔውኑ ወደ አለቃዬ ሄጄ መናገር ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው፤ ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን የአባትሽ እጅ ክንድሽ ላይ ሲሆን ሕግ ትዝ አይልሽም። ከምኖርበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ጭስ ማውጫው ይታያል። ማታ ማታ ጣሪያው ላይ ወጥቼ የሚታዩኝን አራቱን እቆጥራለሁ፤ ከጀርባ ያሉትን ሁለቱን ለማየት ዳቦ ልግዛ ብዬ በወዲያኛው መንገድ እዞራለሁ፤ ከዚያ እደውልላቸዋለሁ። ስድስቱም በርተዋል አባባ እላለሁ። እሳቸው ይጽፋሉ። ሰባት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ትኩሳት ይዞኝ እንኳ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ወጥቻለሁ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ብቻዬን ይህን ሁሉ ዳቦ የት እንደማደርሰው ግራ ገብቷት ነበር። እውነቱን ልንገርሽና፣ በሕይወቴ ከአባባ ጋር በየቀኑ የተነጋገርኩት ያኔ ብቻ ነው። ደስተኛ ነበርኩ። ይህንን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ነበርኩ።

ከዚያ ሩቅ ተራራ ላይ ያለ የአንቴና ምሰሶ መብራቶቹ ሊቀየሩ ሆነና ለሁለት ሳምንት ተመደብኩ። እምቢ ብል ለምን ይሉኛል። ለአባባ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋዋን ሴትዮ ይለምኗት፣ ሲመሽ አንድ ጊዜ ዞራ ትይልዎት፣ ምክንያቱን አትጠይቅዎትም፣ ደግ ናት አልኳቸው። እሺ አሉኝ። በየማታው ከተራራው እየደወልኩ አየችልዎት ወይ ስላቸው «አይታለች፤ ስድስቱም በርተዋል» ይሉኛል።

አልጠየቋትም ነበር። በኋላ ሴትዮዋን አነጋግሬያታለሁ። «አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መጥተው ደጃፌ ቆሙ። የሆነ ነገር ሊሉኝ የፈለጉ መስሎኝ መርፌዬን አስቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ዘንድሮ በዛ አሉኝ። ከዚያ ደህና እደሪ ብለውኝ ተመለሱ» አለችኝ።

በሄድኩ በስድስተኛው ቀን ወደ ላይ የሚወጣው ሽቦ ውሃ ገብቶበት ሦስቱ የአናት መብራቶች ጠፉ። አምስት ምሽት ጠፍተው አመሹ። አምስቱንም ምሽት መዝገቡ ላይ «ስድስቱም በርተዋል» ተጽፏል። በአምስተኛው ምሽት ጉም ነበር። ከገጠር ክሊኒክ በሽተኛ የያዘች ትንሽ አውሮፕላን ከጉሙ ሥር ዝቅ ብላ መጣች። አብራሪው የወገቡን መብራቶች ከርቀት ሲያይ ጭስ ማውጫው እነሱ ጋ የሚያልቅ መስሎት ከበላያቸው ሊያልፍ ነበር፤ ጥቁሩን ግድግዳ ያየው ፊቱ ላይ ሲደርስ ነው። ጠምዝዞ አመለጠ። በሽተኛዋ ተርፋለች። ከኋላ የነበረችው ነርስ ግን የበሽተኛዋን ጉሉኮስ ለመያዝ ቀበቶዋን ፈትታ ቆማ ስለነበር ከብረቱ ጋር ተጋጨች። ትከሻዋ ደቀቀ። ዛሬም ቀኝ እጇን ከደረቷ በላይ ማንሳት አትችልም።

በማግስቱ ደረስኩ። መርማሪዎች መዝገቡን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ ከእነሱ ጋር አብራሪው ራሱ መጣ። ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የሚጮህ መስሎኝ ነበር። ወደ አባባ ቀርቦ ሰላም ሊላቸው እጁን ዘረጋ። አባባ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ቆመዋል፤ «እንኳን ፈጣሪ አተረፈህ ልጄ» ይላሉ፤ እጁ ግን አየር ላይ ቀረ። አብራሪው የዘረጋውን እጁን አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ትከሻቸው አነሳና ዳበሳቸው። ሌላ ሰው ያየ አይመስለኝም። መዝገቡን ያንብቡልን ሲሏቸው ገጹን ገልጠው ጣታቸውን እያስኬዱ ቀን በቀን በቃላቸው ወጡት፤ አንዱንም አልሳቱም። የተገለጠው ግን ያለፈው ዓመት ገጽ ነበር፤ ይህንን ያየሁት ከጎናቸው የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አብራሪው ወደ በሩ ሲሄድ ተከተልኩት። አባትሽ ናቸው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዓይን ዓይኔን አይቶ «እኔ ሐሙስ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ያየሁትንም እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ከእናንተ ቢወጣ ግን ለእሳቸው ክብር ነው» ብሎኝ ሄደ።

ተመልሼ ለአባባ ነገርኳቸው። ከዚያ ነርሷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሃያ ስምንት አልኳቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሲያነሱት «ወረቀት አምጪ» አሉኝ። እኔ የምጽፈው የሁለታችንን ጥፋት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በእኔ ስም፣ እንደ እኔ ሆነው ያጽፉኝ ጀመር። የጭስ ማውጫው ጠባቂ ዓይናቸው እንደደከመ ዛሬ ደርሼበታለሁ በይ። ይህንንም ከመሥሪያ ቤታቸውም፣ ልጃቸው ከሆንኩት ከእኔም ደብቀው ቆይተዋል በይ። እስክሪብቶውን ወረወርኩት። አልጽፍም፣ ውሸት ነው፣ ሰባት ወር አውቄያለሁ አልኳቸው።

አልተቆጡኝም። አጎንብሰው ወለሉን በእጃቸው እየዳሰሱ እስክሪብቶውን ፈለጉት። ከአልጋው ሥር ነበር። እኔ ላነሳው እችል ነበር፤ ቆሜ አየኋቸው፤ ለምን እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አግኝተው እጄ ላይ አኖሩት። «የእኔ ነገር አልቋል። እውነቱን ብትጽፊ ሁለታችንም እንወድቃለን፤ አንዳችን ብቻ ብንወድቅ ምን አለበት? አንቺ ገና ብዙ ምሰሶ አለብሽ፤ ይህንን ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለመብራቶቹ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ላይ አስቆሙኝና «‹በማታለል› የሚለውን ቃል አስገቢበት፤ አለበለዚያ አያምኑሽም» አሉኝ። አስገባሁ። ፈረምኩ።

ያ ነው ዘመዳችን ያየችው ወረቀት። ሃያ ስድስት ዓመት ባገለገሉበት ፋይል የመጨረሻው ገጽ ላይ «በማታለል» ይላል። እጁ የእኔ ነው፤ ቃሉ የእሳቸው ነው። እኔን ግን በንቃት ስለደረስኩበት ብለው አመሰገኑኝ።

ወደ አንቺ ከመምጣታቸው በፊት ያስማሉኝ ያን ጊዜ ነው። «እህትሽ ዓይኔ የጠፋበትን ጊዜ ካወቀች አንቺም ታውቂ እንደነበር ይገባታል። እሷ ደግሞ ልቧ ንጹሕ ነው፣ አፏ ግን አይችልላትም» አሉ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እንዳሉት ነው የጻፍኩልሽ። ስለዚህ ከሥራ የወጡበትን ምክንያት ሳይነግሩሽ ቤትሽ ገብተው ገና እንደሚያዩ ሰው ኖሩ፤ ከዚያ ዓይናቸው በወር በወሩ እየደከመ የመጣ አስመሰሉ። አንቺ በሐዘን ነው አልሽ። እሳቸውም እንደዚያ ብትዪ ይሻላል ብለው ዝም አሉ። እኔ ልጠይቃቸው ስመጣ ምግቡን አቅርበሽልን ወደ ማድቤት ትገቢ ነበር። አንቺ ስትወጪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስድስቱም በርተዋል?» ይሉኝ ነበር። በርተዋል አባባ እላለሁ። እውነቴን ነበር፤ ሁልጊዜም አይቼ ነው የምመጣው።

አንቺን አልቀየሙም ነበር። እግራቸውን የምታጥቢያቸው ጊዜ በልጅነትሽ እሳቸው እግርሽን ያጥቡሽ እንደነበረ ትዝ ይላቸው እንደነበር ነግረውኛል። «ታላቋ እጇ ይከብዳል፤ እንደ እናቷ» ብለው ሳቁ። ይህንን ሳልነግርሽ መቆየቴ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሰኞ ሁለተኛ ወረቀት ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። ሰባት ወር አውቅ እንደነበር፣ መብራቱን እኔ እያየሁ እሳቸው እንዲጽፉ ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩ፣ «በማታለል» የሚለው ቃል ለእኔ እንጂ ለእሳቸው እንደማይገባ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አንብቦ «ሟችን ልትጠቅሚ ራስሽን ለምን ትጎጃለሽ?» አለኝ። የሚወስኑትን ገና አልነገሩኝም።

ከዚያ ነርሷን ልጠይቅ ሄድኩ። አሁን በሽተኛ አጠገብ አትሠራም፤ ካርድ ክፍል አስቀምጠዋታል፤ በግራ እጇ መጻፍ ተለማምዳለች። ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ነግረሽኝ የሚቀልልሽ መስሎሽ ከሆነ እንጃ፤ እኔን አልቀለለኝም» አለችኝ። ልነሳ ስል ደግሞ «ተቀመጪ፤ ሻይ ሳትጠጪ አትሄጂም» አለችኝ። ተቀምጠን ጠጣን። ስወጣ በሩን በግራ እጇ ከፈተችልኝ።

እትዬ፣ አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፤ ደብዳቤውን እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው። በየዓመቱ ለሥራ ፈቃዳችን ዓይናችንን እንታያለን። ሌላ ጊዜ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች አንብበን ነው የምንወጣው። ዘንድሮ አዲስ ሐኪም መጥቶ በመሣሪያ ለካኝ። ከዚያ ቁጭ በይ አለኝና ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኝ ጀመር። የአባባን ነገርኩት። የአባባ እናትስ አለኝ። ዓይናቸው በእርጅና ጠፋ ይሉ እንደነበር ትዝ አለኝ። በመጨረሻ «እህት አለሽ?» አለኝ። አለችኝ አልኩት። አለችኝ ካልኩ በኋላ ግን ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ሐኪሙ በሽታውን የፈራሁ መስሎት መልሶ አስቀመጠኝና ውሃ ሰጠኝ።

ስለዚህ እባክሽ፣ ከእኔ ጋር ብትጣዪም ከዓይንሽ ጋር አትጣዪ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሄደሽ ታዪ። ደህና አያለሁ ብለሽ አትቅሪ፤ ሰው ደህና እያየ ነው የሚጀምረው። መነጽር አያስፈልግሽም ብለው ሊሸኙሽ ቢሉ እምቢ በይ፤ የዓይኔን ግፊት ለኩልኝ በያቸው። መንትዮቹ ደግሞ ካደጉ በኋላ በየጊዜው እንዲታዩ ከአሁኑ የሆነ ቦታ ጽፈሽ አስቀምጪ። በጊዜ ከተደረሰበት ጠብታው ያቆመዋል ብሏል ሐኪሙ። ምናልባት ምንም አይኖርብሽም፤ እንደዚያ ነው የምለምነው።

ጠብታ ካዘዙልሽ ግን አትስነፊ። ጠዋትና ማታ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ያቃጥላል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ወርዶ ይመራል። ካደረግሽው በኋላ ዓይንሽን ጨፍነሽ በአፍንጫሽ በኩል ያለውን ጥግ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዢው፤ መራራነቱ ይቀራል። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ነው የደረስኩበት። የሥራውንም ነገር አትጨነቂ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚወስነው ምንም ይሁን ምን፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ስልክ መቀበያው ክፍል እንዲያስቀምጡኝ ጠይቄያለሁ። መሰላል «ያለ አንቺ የማንን ገመድ ልይዝ ነው» ብሎ ተቆጣኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታው። ባለቤትሽን ጤና ይስጥልሽ። መንትዮቹ ጥርሳቸው ሞልቶ፣ ስቀው፣ አንቺን አስቀው ይደጉልሽ። የአባባን ነፍስ ያሳርፍልን። ደጃፍሽ ብመጣ በሩን ባትከፍቺልኝም አልቀየምም፤ ግን ቶሎ ልመጣ አስባለሁ፤ ፊትሽን አንድ ጊዜ ጥግብ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ።

ታናሽ እህትሽ